ለአሮጌ ፒያኖ የባስ ክር መምረጥ

ቤታችን ካለው የቁም ፒያኖ ከባስ ክሮች አንዱ በተበጠሰ ጊዜ የሠራሁት ስህተት እርሱን ብቻ መተካቴ ነበር። «ለየትኛውም ፒያኖ ይሆናል» ተብሎ የተሸጠልኝ ክር ቅኝቱን ቢይዝም፣ በዘመን ብዛት ድምፃቸው ከታፈነው ጎረቤቶቹ መካከል ብቻውን እንደ ደወል ስለሚጮህ፣ በመጨረሻ ሁሉንም የባስ ክሮች ለመቀየር ወሰንኩ።

የባስ ክር ውስጡ የብረት ሽቦ፣ ላዩ የተጠመጠመ መዳብ ነው። የመካከለኛው ዶ ክር 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ በሴኮንድ 27.5 ጊዜ የሚርገበገበው የመጨረሻው ላ በዚያው ውፍረትና ውጥረት ከ6 ሜትር በላይ ክር በፈለገ ነበር። አጭር ክር ያን ዝቅተኛ ድምፅ እንዲያወጣ መክበድ አለበት፤ ሽቦውን ማወፈር ግን ክሩን ግትር አድርጎ ድምፁን ያዛባል፤ መዳቡ ክብደት እየጨመረለት ብዙም አያገትረውም። ስለዚህ «ወፈር ያለ ክር ግዛ፣ ድምፁ ይጎላል» ያሉኝን ወዳጆች አልሰማኋቸውም፤ ደግሞም ያረጀ ፒያኖ ከለመደው በላይ ውጥረት ሊጫንበት አይገባም።

የቀረው ሥራ መለካት ነበር። ዝገቱን በስሱ ከጠረግሁ በኋላ የውስጡን ሽቦ መዳብ ካልደረሰበት ጫፍ፣ ጠቅላላውን ውፍረት ደግሞ ከመዳቡ ላይ ማይክሮሜትር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ለካሁ፤ በርኩማው (ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት) እና የክሮቹ ማሰሪያ ላይም ወረቀት ዘርግቼ በእርሳስ አሸት አሸት በማድረግ የእያንዳንዱን ቦታ ቀዳሁ። ቁጥሮቹን በተርታ ስጽፍ፣ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ውፍረቱ መጨመር ሲገባው፣ ከታች ሰባተኛው ክር ከላይኛው ጎረቤቱ ቀጥኖ ተገኘ። ከእኔ በፊት አንድ ጠጋኝ ያገኘውን አስሮበት ኖሯል! እንዳለ ለናሙና ብልከው ክር ሠሪው ስህተቱን አሳምሮ ይደግመው ስለነበር፣ በግራና በቀኙ ባሉት ልክ እንዲሠራልኝ ጻፍኩለት።

ሠሪው የውስጡ ሽቦ ክብ ይሁን ወይስ ባለ ስድስት ማዕዘን ብሎ ጠየቀኝ። አሮጌዎቹ ክብ ቢሆኑም፣ ማዕዘኖቹ መዳቡን ነክሰው ስለሚይዙት ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ጥምጥሙ የላላ ክር ይነዝራልና። በበገና እንዚራ (በክሩና በበርኩማው መካከል የሚደረግ ቁራጭ ቆዳ) የሚገባው ያ ንዝረት እንዲመጣ ነው፣ በፒያኖ ግን ጉድለት ነው።

አዲስ ክር እየተሳበ ቅኝቱን ስለሚጥል በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ አስቃኝቼዋለሁ። አሮጌዎቹን ክሮች ግን አልጣልኳቸውም፤ ቁጥራቸው ተጽፎባቸው ከፒያኖው ጀርባ ታስረው ተቀምጠዋል።