ማግኖሊያው ዋንዛ መስሎኝ

አምና ሐምሌ የጎረቤቴን ማግኖሊያ ንፋስ ጣለው። አትላንታ ውስጥ ይህ ዛፍ በየግቢው አለ፤ አበባው ነጭ፣ ስፋቱ ሰሃን የሚያህል። «ግንዱን ከፈለግከው ውሰደው» አለኝ። ረከቦት ልሠራበት ቋመጥኩ። ግንድ የሚሰነጥቅ ሰውም በዚያው ቀን አገኘሁ።

የዛፍ ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ግን «ባለሙያ ሳያየው እንዳትነኩት» አለን። ባለሙያው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። አንድ ፎቶ አንስቶ ሄደ። በቃ! እስካሁን ያናድደኛል።

ከሱ በላይ የሚያናድደኝ የራሴ ሥራ ነው። ዝናብ እንዳይነካው ብዬ ግንዱን በላስቲክ ጠቀለልኩት። ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ ቀለም እንኳ አልቀባኋቸውም። አባቴ ግቢ የዋንዛ ግንድ ክረምቱን ሙሉ ተጋድሞ ይከርም ነበር፤ ምንም አይሆንም። እንጨት ሁሉ ዋንዛ መሰለኝ።

ማግኖሊያ መበስበስን አይቋቋምም። ዳር ዳሩ ያለው ነጩ ክፍል ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ፈንገስ ይገባበታል። ላስቲኩን ስገልጠው የኮመጠጠ ሊጥ ሸተተኝ። ጣውላው ሲወጣ ክሬም በመሰለው እንጨት ላይ ግራጫ መስመር ከጫፍ ጫፍ ተጋድሟል። በመላጊያ ሞከርኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ። ወይ ፍንክች! በዚያ ላይ መሃሉ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የሆነውን ሁለት ጣውላ ተበላሸ ብዬ ጣልኩ። ለካ እሱ የእንጨቱ የተፈጥሮ መልክ ነው።

ስለዚህ በወደቀበት ቀን ጫፎቹን ቀቡ። ላስቲክ አታልብሱት፤ በተቻለ ፍጥነት አሰንጥቁት። «ለአንድ ኢንች አንድ ዓመት ይድረቅ» የሚባለውን እኔ አልጠበቅኩም። በጣውላዎቹ መካከል ቀጫጭን እንጨት እያስገባሁ ጋራዥ ደረደርኩና ፋን ለቀቅኩበት። በአምስት ወር ደረቀልኝ።

ሥራው ላይ ግን ግሩም ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ሲላግ የማያስቸግር። በጃንካ መለኪያ፣ ማለትም የብረት ኳስ እንጨቱ ውስጥ እስከ ግማሹ ለመክተት በሚያስፈልገው ኃይል፣ ጥንካሬው 1020 ፓውንድ ነው፤ ብዙ ሰው ከማግኖሊያ ጋር የሚያምታታው ቢጫ ፖፕላር የሚባለው እንጨት 540 ብቻ። ጃፓኖች የራሳቸውን ማግኖሊያ፣ ሆኖኪ የሚሉትን፣ ለጎራዴ ሰገባ ይመርጡታል።

ረከቦቴም አምሮበታል። ግን ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ግራጫውን በጣቱ እያሻሸ «የከሰል ጭስ ነው እንዴ?» ይለኛል። ባለቤቴ «አዎ» በል ብላኛለች።