ከኋላ የቆመው ቤዝ ተጫዋች እንዲሸለም ደብዳቤ ስጽፍ

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰው አበሻ አይደሉም። ዋሽንግተን ዲሲ ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመት የደፈኑ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ስድሳ ዓመት ደብል ቤዝ ተጫውተዋል፤ ያን ከሰው ቁመት የሚበልጠውን፣ ቆመው አቅፈው የሚመቱትን ባለ አራት አውታር። እኔ ሆም ኬር እሠራለሁ። ጠዋት እገባለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ ገላ አስታጥባለሁ፣ የመድኃኒት ሰዓት አስታውሳለሁ፣ ከሰዓት እወጣለሁ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። እንዳልጽፍ ለምነውኝ አይደለም፤ አዘውኝ ነው።

መጀመሪያ ቀን ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ከወንበራቸው ቀና ብለው፣ «ንጉሣችሁ ዱክን ሸልመውታል፤ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። የጃዝ ባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ለእኔ ዲሲ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤትና የአንድ ድልድይ ስም ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳጣራ እውነታቸውን ነው። በ1973 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኝቶ፣ ከጃንሆይ እጅ ኒሻን ተቀብሏል። በማግሥቱ ዓመት እሱ በግንቦት ሞተ፤ ጃንሆይም በመስከረም ከዙፋን ወረዱ።

በገዛ አገሩስ? በ1965 ፑሊትዘር የሚባለው ታላቁ የአሜሪካ ሽልማት የሙዚቃ ዳኞች ለኤሊንግተን ልዩ ሽልማት ይሰጠው ብለው ሐሳብ ቢያቀርቡ የበላይ ቦርዱ አልቀበልም አለ። ሰውየው ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። በልጅነቴ ዝነኛ እንዳልሆን ዕድሌ አዝናልኝ ነው ብሎ ቀለደ። ፑሊትዘሩ የመጣው በ1999፣ ከሞተ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን ሳቁ አልመጣልኝም።

ነገሩ የተጀመረው በ2024 አንድ ጠዋት ስልኬ ላይ ባየሁት ዜና ነው። ማርሻል አለን የሚባል ሳክስፎን ተጫዋች የ2025 «ጃዝ ማስተር» የሚባለውን የአገሪቱን የጃዝ ክብር አገኘ። ዕድሜው አንድ መቶ። ዜናውን እየተረጎምኩ ሳነብላቸው (እንግሊዝኛን ወደ ቀላል እንግሊዝኛ መተርጎም ማለቴ ነው፤ ዓይናቸው ስለደከመ) ጋሼ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ለአለቃው እኮ የሰጡት በ1982 ነው» አሉ። አለቃው አለን የሚጫወትበትን ባንድ የመራው ሰን ራ ነው። ሽልማቱ በተጀመረበት በ1982 ከዲዚ ጊለስፒና ከሮይ ኤልድሪጅ ጋር የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ነበር። ሽልማቱ በዚያው ባንድ ውስጥ ዕድሜውን ያሳለፈው አለን ዘንድ ለመድረስ አርባ ሦስት ዓመት ፈጀበት። ዕድሜ ባይሰጠው ኖሮ ቀርቶ ነበር።

ሽልማቱን የሚሰጠው ብሔራዊው የኪነ ጥበባት ድርጅት ነው፤ እዚህ ኤን ኢ ኤ ይሉታል። ገንዘቡ ሃያ አምስት ሺህ ዶላር ነው። ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ማንም ሰው መጠቆም ይችላል። ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ተጠቋሚው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆን አለበት፣ ደግሞም በሕይወት ያለ። የሞተ አይጠቆምም። ከጃዝ ታላላቆች ጆን ኮልትሬን በ1967፣ ቤዝ ተጫዋቹ ቻርልስ ሚንገስ በ1979 ሞተዋል፤ ቴሎኒየስ ሞንክ ደግሞ ሽልማቱ በተጀመረበት ዓመት በየካቲት አረፈ። ሦስቱም ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የሚንገስ ሚስት ሱ ሚንገስ ግን የባሏን ሙዚቃ በሕይወት በማቆየቷ ለ2023 ተመረጠች፤ ሥነ ሥርዓቱ ሳይደርስ እሷም አረፈች። ቤዝ ተጫዋች አይሸለምም ማለቴ አይደለም። ሬይ ብራውን በ1995፣ ሮን ካርተር በ1998፣ ሬጂ ወርክማን በ2020 ተሸልመዋል። የኔ ጋሼ ግን በስማቸው የወጣ አንድ ሸክላ የላቸውም። ሁሌም የሌላ ሰው ባንድ ውስጥ፣ ከኋላ ናቸው።

ለመጠቆም ቆረጥኩ። (ጠቋሚ የሚለው ቃል ለኔ ትውልድ ጆሮ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። የተሻለ አላገኘሁም።)

የመጀመሪያው ስሕተቴ ሳልጠይቃቸው መጀመሬ ነው። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ደብዳቤ ጻፍኩ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ አነበበችውና፣ «አክስቴ፣ ሰውየው ሞተዋል እንዴ?» አለችኝ። ተናደድኩ። ደግሜ ሳነበው ግን ልጅቷ ልክ ነች። እኛ የሰው ሕይወት ሲጻፍ የሰማነው የት ነው? ቀብር ላይ። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። እጄ የሚያውቀው ይህንኑ ነውና ይህንኑ ነው የጻፍኩት፣ በእንግሊዝኛ። «ታላቅ» የሚል ቃል ሰባት ጊዜ አለበት። ምን እንደተጫወቱ አንድ መስመር የለም።

ለጋሼ ስነግራቸው «ማን ጠየቀሽ?» አሉኝና ሁለት ቀን አኮረፉ። ቡና እንኳን ሳይጠጡ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን «እሺ፣ ግን አንድ ነገር አለኝ» አሉ። ያስተማሯቸው ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሦስቱም የዚሁ ከተማ ልጆች፣ ሦስቱም ሞተዋል፣ ማንም አያውቃቸውም። ስማቸው ደብዳቤው ውስጥ ካልገባ የኔም አይግባ አሉ። እሺ አልኩ፤ ይህ እሺታ በኋላ ምን እንደሚያስከፍለኝ አላሰብኩም።

የምሠራበት ኤጀንሲ ሱፐርቫይዘር በሥራ ሰዓት ወረቀት እንዳላይ ስላስጠነቀቀችኝ ጊዜዬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላና ዓርብ ማታ ሆነ። ዓርብ የሆነው በምክንያት ነው። በከተማው ደቡብ ምዕራብ ዌስትሚኒስተር የሚባል የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከ1999 ጀምሮ በየዓርቡ ማታ የጃዝ ምሽት ያዘጋጃል፣ የተጠበሰ ዓሣም ይሸጣል። ጋሼን በዊልቸር እየገፋሁ ወሰድኳቸው። ዓሣው ይሸታል፣ ቀኑ ዓርብ ነው፤ እኔ በዓይኔ ብቻ። ገና በር ላይ ሳለን ሽበታሞቹ ከበቧቸው። ስድስት ወር ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት ብዞር የማላገኘውን ምስክር በአንድ ማታ አገኘሁ። የስልክ ቁጥር የጻፍኩበትን የዓሣ ናፕኪን እስካሁን አልጣልኩትም።

ቤተ መጻሕፍቱም አልቀረም። መሀል ከተማ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት የዲሲን ታሪክ የሚያስቀምጥ ክፍል አለው፤ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም በፊሊክስ ግራንት ስም የጃዝ መዝገብ አለው። የከበደኝ ወረቀት ማግኘት አልነበረም። የጋሼ የአባት ስም ሸክላዎቹ ልባስ ላይ አንዴ በአንድ «ኤል»፣ አንዴ በሁለት ተጽፏል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ሰባት፣ ሌላኛው አሥራ አንድ ሸክላ ላይ ተጫውቷል ይላል። ሁለቱም እሳቸው ናቸው። ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል በየመሥሪያ ቤቱ አራት ዓይነት የሚጻፍ እኛ ይህን ችግር መጀመሪያ ማሰብ ነበረብን። አንድ ሙሉ ወር ሳልፈልግ ያባከንኩት በዚህ ነው። ያን ዓመት የማመልከቻው ቀን አለፈኝ፤ ጥፋቱ የኔው ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ የጠየቅኳቸው ሰዎች የላኩልኝም እንደኔው ነበር። ታላቅ፣ ድንቅ፣ ወደር የሌለው። እያንዳንዱን መልሼ ደወልኩለት። «ስለ ደግነታቸው ተወኝ፤ ከሳቸው ጋር ከመጫወትህ በፊት የምታደርገውና ከዚያ በኋላ የተውከው ነገር ምንድን ነው?» አልኩት። ዝምታ። ከዚያ አንዱ ከበሮ መቺ፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ትልቁን ሲምባል፣ ያን የናስ ሳህን፣ እንዳልነካ ከለከለኝ» አለ። ለምን ሲባል፣ ቤዙ የት እንዳለ መስማት እስኪጀምር። ዛሬም ተማሪዎቹን ሲምባል ይነጥቃቸዋል። አንዲት ዘፋኝ ደግሞ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ በተዘጋ ማታ ምንም ሳትነግራቸው ጋሼ ዘፈኑን በአንድ ድምፅ ዝቅ አድርገው ጀመሩት፤ ፒያኖው ሰማ፣ ተከተለ፣ ሰዉ አላወቀም። «እኔ ራሴ ያወቅኩት ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ነው» አለች። ይህን ስሰማ ወጥ እያማሰልኩ ነበር፤ ወጡ አረረ።

የሚያነበው ማን ነው የሚለውም ሌላ ነገር ነው። ጥቆማውን የሚያዩት የጃዝ አዋቂዎች ብቻ አይደሉም፤ ሙያው ውስጥ የሌለ፣ ግን ነገሩን የሚከታተል ቢያንስ አንድ ሰው አብሯቸው ይቀመጣል። ይህን ያስተዋልኩት ስለ መሪጌታ ሞገስ ሥዩም ሳነብ ነው። በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት መሪጌታ በ2008 ከዚሁ ድርጅት ለትውፊታዊ ጥበባት የሚሰጠውን ብሔራዊ ክብር አግኝተዋል። አስቡት፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ዜማና አቋቋም ምን እንደሆነ፣ መቋሚያና ጽናጽል ምን እንደሚሠራ ግዕዝ ሰምቶ ለማያውቅ አሜሪካዊ ማስረዳት ነበረበት። እኔ ደግሞ ለዚያ ወንበር ቤዝ ምን እንደሆነ ማስረዳት አለብኝ። ማሕሌት ላይ ከበሮ የያዘውን አስታወስኩ። ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በሚያሸበሽቡት ላይ ነው፤ ከበሮ የያዘው ከሳተ ግን አንድም እግር ቦታው አይገኝም። ደብዳቤው ውስጥ ማሕሌትን አልጠቀስኩም፤ ግን ያን አንቀጽ የጻፍኩት ያን ሰውዬ እያየሁ ነው።

የድምፅ ናሙናውን በተመለከተ ተጣልተናል። እኔ የመረጥኩት አራት ደቂቃ ብቻቸውን የሚጫወቱበትን፣ ጣታቸው እንደ ሸረሪት የሚሮጥበትን ነው። ጋሼ አዳመጡና ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ይሄ ጉራ ነው፤ ልጅ ነበርኩ» አሉ። እሳቸው የመረጡት ምንም የማያደርጉ የሚመስሉበትን ዝግ ያለ ዘፈን ነው። አሥር ጊዜ ሰማሁት፣ ምንም። «ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ፒያኖውን ተዪውና እኔን ብቻ ስሚ» አሉኝ። እዚያ ላይ ፒያኖው መንገዱ ይጠፋዋል፤ ቤዙ ያችኑ አንዲት ድምፅ ደጋግሞ እየመታ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ልጇ ጫማውን እስኪያስር በር ላይ እንደምትቆም እናት። ከዚያ አብረው ይሄዳሉ። ሁለቱንም ላክኩ፤ የሳቸውን አስቀደምኩ፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደሚሰማም ጻፍኩ። ብዙ የሚሰማ ሰው ከመጀመሪያው ሰላሳ ሴኮንድ በላይ አይታገሥምና።

ስለ ራሳቸው ሕይወት ቴፕ ከፍቼ «ይንገሩኝ» ስላቸው የሚነግሩኝ የሌላ ሰው ሕይወት ነው። የሚያወሩት ስጠይቃቸው አልነበረም፤ እግራቸውን ቅባት ስቀባ ነበር። ስለዚህ በፈቃዳቸው ስልኬን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ እቀባ ጀመር። ከደብዳቤው ግማሹ ከዚያ የወጣ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ማመልከቻው ተዘጋጀ። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች፤ ለጋሼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስጨርስ፣ «ሦስቱስ?» አሉ። አልገቡም ነበር። ቦታው ሞልቶ ነበርና ትንሽ ተሳሳትኩ መስዬ ልለፍ ብዬ ነበር። አላለፉኝም። ሦስቱን ስም ለማስገባት አንድ ዓረፍተ ነገር መውጣት ነበረበት፤ ልጅቷ ጣቷን የቀሰረችው «በር ላይ እንደምትቆም እናት» በሚለው ላይ ነው። ከደብዳቤው ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። አወጣችው። የሦስቱን ሰዎች ስም ጋሼ ፊደል በፊደል አስጻፏት፣ ሁለት ጊዜ አስነበቧት፣ አንዱ ላይ ፊደል አስተካከሉ።

ከዚያ ላከችው። ማሽኑ ደርሶናል አለ።

ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ ሰዎቹ ሲመርጡ ስልክ ነው የሚደውሉት ይባላል አሉኝ። «ከደወሉ» አሉ፣ «ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት እንደማልነሣ ንገሪያቸው።» በእኛ አቆጣጠር ነው ያሉት፤ ሰዓቱንም ተምረዋል።