በኤዴል መንደር የእግር መንገድ ላይ

ዛሬ ማለዳ ከማንችስተር በባቡር ተነሥቼ በደርቢሸር ወደምትገኘው ኤዴል መንደር ሄድኩ። በድንጋይ ካብ በታጠሩ መስኮች መካከል የሚያልፈውን የእግር መንገድ ይዤ ስወጣ በጎቹ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ፤ የከለከለኝ ሰው ግን አልነበረም። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ የእግር መንገድ፣ መሬቱ የግለሰብ ቢሆን እንኳ፣ ለማንኛውም እግረኛ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ይህን ሕግ ከልቤ እወደዋለሁ። ከመንደሩ በላይ በተንጣለለው የኪንደር ስካውት አምባ ላይ ግን የመራመድ መብት በቀላሉ አልተገኘም፤ በሚያዝያ 1932 እ.ኤ.አ. በመቶዎች የሚቆጠሩ እግረኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሠራተኞች፣ ክልከላውን ጥሰው በመውጣታቸው ጥቂቶቹ ታስረዋል። አካባቢው የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1951 ነው። ስመለስ ከካቡ ጋር የተሠራውን የድንጋይ መሻገሪያ ደረጃ በብዙ ሰው እግር አልቆ መሃሉ ጎድጉዶ ስላየሁት እጄን አሳርፌበት ለጥቂት ጊዜ ቆምኩ።