ማይክ ሊች በጥቂት ቅንብር ብዙ ያርድ የሰበሰበበት መንገድ

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል የማጥቃት አሰልጣኝ የሚባለው ኳስ ቡድኑ እጅ ሳለች እያንዳንዱን ሙከራ የሚመርጠው ሰው ነው። አብዛኞቹ ራሳቸው በኮሌጅ የተጫወቱ ናቸው። ማይክ ሊች ግን አልተጫወተም፤ ፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ጥብቅናውን ትቶ ነው ወደ ሜዳ የገባው። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካሊፎርኒያ ትንንሽ ኮሌጆች ውስጥ ጀመረ፣ በ1989 ፊንላንድ ፖሪ ከተማ ድረስ ሄዶ አሰለጠነ፣ በዚያው ዓመት አዮዋ ዌስሊያን ገባ። ዋና አሰልጣኙ ሃል መሚ ነበር። ሁለቱ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲን የውርወራ ጨዋታ ወስደው፣ የበዛውን ቆርጠው ጥለው፣ «ኤር ሬይድ» የተባለውን አጨዋወት አበጁ። ከዚያ አብረው ቫልዶስታ ስቴት፣ በ1997 ደግሞ ኬንታኪ ገቡ። ኬንታኪ በዚያው ዓመት አላባማን አሸነፈ፤ ከ1922 ወዲህ ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው።

ምስጢሩ ሌሎች አሰልጣኞች መቶ ቅንብር (ለአንድ ሙከራ አስቀድሞ የታቀደ እንቅስቃሴ) ሲይዙ እነሱ ጥቂቱን ደጋግመው ማለማመዳቸው ነው። ሊች በጨዋታ ቀን እጁ ላይ የሚታየው ወረቀት ትንሽ ነበር። ዋነኛው ቅንብር «ሜሽ» ይባላል። ሁለት ተቀባዮች (የተወረወረውን ኳስ የሚይዙ ተጫዋቾች) ከግራና ከቀኝ ተነስተው ስድስት ያርድ (አምስት ሜትር ተኩል) ያህል ገብተው ይተላለፋሉ። ምን ያህል ወደ ፊት ዘልቀው እንደሚተላለፉ አንደኛው ይወስናል፤ ሌላኛው ከስሩ፣ እጅ ለእጅ ሊነካኩ እስኪችሉ ተጠግቶ ያልፋል። ሰው በሰው የሚይዙ ተከላካዮች እዚያ መሃል ይጋጫሉ። ተከላካዮቹ ዞን ከያዙ፣ ማለትም ሰው ሳይሆን የሜዳውን ክፍል ከጠበቁ ደግሞ ተቀባዩ መሮጡን ትቶ ክፍተቱ ላይ ዞር ብሎ ይቆማል። የሚበላሸው በርቀቱ ነው፦ በሁለቱ መካከል ሁለት ሦስት ያርድ ከተከፈተ ተከላካዩ ሾልኮ ያልፋል፣ ሆን ብለው ተከላካይ ከገጩ ደግሞ ዳኛው ይቀጣቸዋል። ስለዚህ ይህችኑ መተላለፍ በየልምምዱ ይደጋግሟታል።

ሌላው ምልክቱ የመስመር ተጫዋቾች፣ ማለትም ከፊት ተሰልፈው ወርዋሪውን የሚጠብቁት አምስት ሰዎች፣ ሰፊ አቋቋም ነው። አምስቱ በመካከላቸው ሦስት ጫማና ከዚያ በላይ ይተዋሉ፤ ከዳር የሚመጣው ተከላካይ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ዘንድ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይሮጣል፣ ወርዋሪው ፊትም መስኮት ይከፈታል። አደጋው መሃሉ ላይ ነው። የመስመር ተጫዋቹ ከውስጥ የሚመጣውን አስቀድሞ ካልዘጋ፣ ኳርተርባኩ ቀና ሳይል ይወድቃል።

ሊች በ1999 ኦክላሆማ የማጥቃት አሰልጣኝ ሆነ፤ የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ከ2000 እስከ 2009 የቴክሳስ ቴክ ዋና አሰልጣኝ ሲሆንም ቅንብሩን የሚጠራው ራሱ ነበር። በ2003 ኳርተርባኩ ቢ ጄይ ሲመንስ 5,833 ያርድ ወረወረ። በ2008 አንደኛ ደረጃ ላይ የነበረውን ቴክሳስን 39 ለ 33 ሲያሸንፉ ተቀባዩ ማይክል ክራብትሪ ኳሷን ይዞ ነጥብ ወደሚቆጠርበት ክልል የገባው ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ሲቀር ነው። በ2009 መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው አሰናበተው፤ ክርክሩ ረጅም ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ቀጥሎ ዋሽንግተን ስቴትን ይዞ በ2018 አሥራ አንድ ጨዋታ አሸነፈ።

የአጨዋወቱ ድክመት ፊት ለፊት የታየው ሊች በ2020 ሚሲሲፒ ስቴትን ሲረከብ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ኤልኤስዩን (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን) 44 ለ 34 አሸነፉ፤ ኳርተርባኩ ኬጄ ኮስቴሎ 623 ያርድ ወረወረ። በሳምንቱ አርካንሳ ሦስት ሰው ብቻ ወደ ፊት ልኮ ስምንቱን ወደ ኋላ አስቀረ፤ አምስት ተቀባይ በስምንት ሰው ሲጠበቅ መስኮቱ ይዘጋል። 21 ለ 14 ተሸነፉ። ኬንታኪ ደግሞ ስድስት ኳስ ነጥቆ 24 ለ 2 ረታቸው፤ ሁለቷም ነጥብ የመጣችው ከማጥቃቱ ክፍል አይደለም። መድኃኒቱ ኳሱን ይዞ መሮጥ ነበር፣ ሊች ግን ብዙም አይወደውም። እልኸኝነቱ እዚህ ላይ ጎድቶታል ባይ ነኝ።

በታኅሣሥ 12 ቀን 2022 በ61 ዓመቱ አረፈ። ቴክሳስ ቴክ ሳለ በሥሩ የሠራው ሊንከን ራይሊ በኋላ ኦክላሆማ ላይ ያንኑ የውርወራ ጨዋታ ይዞ፣ ከጎኑ ጠንካራ ሩጫ ጨመረበት፦ ሁለት የመስመር ተጫዋቾች ከቦታቸው ተነስተው ወደ ሌላው ጎን እየዞሩ ለሯጩ መንገድ ይከፍታሉ። ስምንት ሰው ወደ ኋላ ያስቀረ ቡድን ይህን ለማቆም ፊት ለፊት የቀረው ሦስት ሰው ብቻ ነው።