የዳክዬ ኩሬ ሥራ የሚጀመረው ከመውጫው ነው

እዚህ ሐዋሳ በግቢያቸው ዳክዬ ለማርባት ያሰቡ ጎረቤቶችና ወዳጆች ስለ ኩሬ ሲያማክሩኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ስፋቱን፣ ጥልቀቱንና የሚሠራበትን ቁሳቁስ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቃቸው የቆሸሸው ውኃ ወዴት እንደሚወጣ ነው። ዳክዬ ውኃ ውስጥ ይታጠባል፣ ይጸዳዳል፣ በአፉ የያዘውን መኖም አምጥቶ እዚያው ያራግፋል። በዚህ ምክንያት ትንሽ ኩሬ በሞቃት ወቅት በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል፤ መሽተትም ይጀምራል። መውጫ ካልተበጀለት ባለቤቱ ዕድሜውን በባልዲ ሲቀዳ ይኖራል።

ነገሩ በሐዋሳ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። የሐዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውኃ ወንዝና ከዙሪያው በሚወርደው ጎርፍ ይሞላል እንጂ ከእርሱ ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ወደ መንገድ ቦይ የምንለቀው ኩስ የበዛበት ውኃ ከዝናቡ ጋር ወደ ሐይቁ ሊወርድ ይችላል፤ የያዘው ናይትሮጅንና ፎስፈረስም አልጌ እንዲበዛ ያደርጋል። ያው ውኃ ከሙዝ፣ ከእንሰት ወይም ከፓፓያ ሥር ሲፈስ ግን ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ ኩሬው ከግቢው ከፍ ያለውን ቦታ፣ አትክልቱ ደግሞ ዝቅ ያለውን ቦታ እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን ይህን ውኃ ፈጽሞ አላጠጣም፤ የዳክዬ ኩስ ሳልሞኔላን የመሰሉ ተሕዋስያን ሊይዝ ይችላልና።

ለአራት ዳክዬ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩሬ በቂ ነው። ይህ ሲሞላ ወደ 3,000 ሊትር ይይዛል፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ከዚህ የበለጠ መመኘት አይገባም። 50 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት ወደ 500 ሊትር ስለሚሰጥ፣ አሸንዳውን ወደ ኩሬው ማዞር በክረምት ትልቅ እገዛ ነው። በበጋ ደግሞ ከኩሬው የውኃ ገጽ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ብቻ እንኳ ቢተን 30 ሊትር እንደሚጎድል ማሰብ ያስፈልጋል።

የከተማችን አፈር በብዙ ቦታ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ አሸዋማና ውኃ የማያቆይ ስለሆነ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ ጠቅጥቆ ብቻ መሙላት አያዋጣም። ውኃ ለማቆር የሚያገለግለው ጂኦሜምብሬን የተባለው ውኃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ሸራ ጥሩ አማራጭ ነው። ከላይ ለጠቀስሁት ልክ፣ ዙሪያው ላይ የሚቀበረውን 50 ሳንቲ ሜትር ጨምሮ፣ 5 በ4 ሜትር ሸራ ይበቃል፤ ከሥሩ ስለታም ድንጋይ ተለቅሞ አሸዋ መነጠፍ አለበት። ሸራውን መብሳት ስለማያስፈልግ ውኃውን የማወጣው በጎማ ነው፦ ጎማው በውኃ ተሞልቶ አንዱ ጫፍ ኩሬው ውስጥ፣ ሌላው ዝቅ ባለው መደብ ላይ ሲቀመጥ ያለ ፓምፕ ይፈሳል። አቅሙ ያለው ሰው በድንጋይና በሲሚንቶ ቢያሠራ፣ ከወለሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የፒቪሲ ቱቦና መዝጊያ ማስገባት ይችላል፤ አዲስ ሲሚንቶ ግን ኖራ ስለሚለቅ፣ ዳክዬዎቹ ከመግባታቸው በፊት ኩሬው ተደጋግሞ ተሞልቶ መደፋት አለበት።

አንደኛው ወገን ሻካራና ቀስ ብሎ የሚወርድ ተዳፋት ይሁን። ጫጩቶች ገና ላባቸው ውኃ የሚከላከል ቅባት ስለማይኖረው፣ ከለሰለሰ ግድግዳ መውጣት ካቃታቸው በብርድ ወይም በመስጠም ይሞታሉ። ዳክዬ የኩሬን ዳር በአፉ ቆፍሮ ጭቃ ስለሚያደርገው ዙሪያውን በድቡልቡል ድንጋይ መክበብ ይጠቅማል፤ ስለታም ጠጠር እግራቸውን ያቆስላል። ሐዋሳ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ በየመንደሩ ስለሚዘዋወር፣ ጫጩት ያለበት ግቢ በላዩ መረብ ያስፈልገዋል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ አጥሩ ከኩሬው በፊት ይሠራ።

ለጥላ ብሎ እምቦጭ ማምጣት በምንም መንገድ አይገባም፤ በጣናና በቆቃ ላይ ያደረሰው ጉዳት በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። የሐይቁን ዳር የሚያዘወትሩ የዱር ዳክዬዎች የወፍ ጉንፋን ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ መኖው ክፍት ቦታ ላይ ባይቀመጥ ይሻላል።

በየሳምንቱ ግማሹን ውኃ ለአትክልት ለቅቄ በአዲስ እተካለሁ፤ በወለሉ የሚቀመጠውን ዝቃጭ ደግሞ ኩሬው ሲደፋ በአካፋ አውጥቼ ከደረቅ ቅጠል ጋር ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ እጨምራለሁ። ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሞቀና አየር ባጣ ዝቃጭ፣ በተለይም የሞተ እንስሳ ወይም የበሰበሰ ነገር ባለበት፣ ቦቱሊዝም የተባለውን ሰውነት የሚያሽመደምድ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ መርዝ ያመነጫል። የተመረዘ ዳክዬ እግሩ ይዝላል፣ አንገቱንም ማቅናት ያቅተዋል። ይህ ምልክት ሲታይ ሌሎቹን ወዲያውኑ ከኩሬው ማራቅና የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል። ስለ ወባ ለሚሰጉ ሰዎች ደግሞ፣ ዳክዬዎች እጭ ስለሚበሉ ኩሬው ራሱ ብዙም አያሰጋም፤ ሊደፋ የሚገባው በዙሪያው በተጣለ ጣሳና ጎማ ውስጥ የሚቀመጠው ውኃ ነው።

ዝቅ ያለ የአትክልት መደብ ለሌለው ጠባብ ግቢ ኩሬ እንዲቆፈር አልመክርም። ዳክዬ ጤናው ተጠብቆ እንዲኖር የግድ የሚያስፈልገው፣ ጭንቅላቱን አጥልቆ ዓይኑንና አፍንጫውን የሚያጥብበት ንጹሕ ውኃ ነው፤ ይህንንም በየቀኑ ተደፍቶ የሚሞላ ሰፊ ሳፋ ይሰጠዋል።