የጎን ወንበር ሒሳብ

ሰኔ 2012 ነው። ከደብረ ታቦር ንፋስ መውጫ በሚሠራ ቅጥቅጥ ላይ ረዳት ነበርኩ። ወንበሩ 24 ነው። ኮሮና ከገባ በኋላ በወጣው መመሪያ መኪና የሚጭነው የወንበሩን ግማሽ ብቻ ነበር፤ ታሪፉ ደግሞ እጥፍ ሆነ። ተሳፋሪው ለራሱም፣ ከጎኑ ባዶውን ለሚሄደው ወንበርም ይከፍላል፤ ባለንብረቱም አይከስርም። እኛም የመውጫ ወረቀት ቆርጠን ከመናኸሪያ ስንወጣ የያዝነው 12 ሰው ነበር።

በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ያውቀዋል። ትርፍ የሚጫነው መናኸሪያ ውስጥ አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የስምሪት ሠራተኛ በማያይበት ቦታ ሰው ተደርድሮ ይጠብቃል። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ እየሄደ ነው፤ ከእኛ በኋላ የሚወጣ መኪና የለም። ዶሮው ሳይሸጥለት የቀረ፣ ባዶ ጀሪካን ያንጠለጠለ፣ ልጅ ያዘለች፣ ሁሉም እጁን ያወዛውዛል። ጋሼ፣ ሹፌሩን የምጠራው እንደዚያ ነበር፣ ፍጥነቱን ቀነሰና "ጫን" አለኝ። ጫንኩ። ወንበሩ ሲሞላ ዱካዎቹን አውጥቼ መተላለፊያው ላይ ደረደርኩ። 33 ሆንን። ሒሳቡን ከሁሉም በእጥፍ ሰበሰብኩ።

ባለንብረቱ በቀን የሚቀበለው የተቆረጠ ገቢ ነበረው። ከዚያ የተረፈው የሹፌሩና የረዳቱ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ የእራቴም የአልጋዬም የሚወጣው ከትርፍ ነው። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ትርፍ ጫኑ እየተባለ ሹፌርና ረዳት ሲረገሙ፣ የቀን ገቢውን ማን እንደሚቆርጠው የሚጠይቅ ሰው እምብዛም ስለማይገጥመኝ ነው።

ጥቂት እንደሄድን ከፊት የመጣ አይሱዙ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አደረገልን። ትራፊክ አለ ማለት ነው። "ዝቅ በሉ!" አልኩ። ዱካ ላይ ያሉት አጎነበሱ፤ ወንበር ላይ ከነበሩትም ከየጥንዱ አንዳንዱ ተደፋ። ከበሩ ኋላ ባለው ወንበር አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር፤ ከመናኸሪያ ከጫንናቸው 12ቱ አንዷ ናቸው። ከጎናቸው በኋላ ያስቀመጥኩት ሰውዬ መጎንበሻ አጣና ራሱን እሳቸው ጉልበት ላይ ደፋ። ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ፣ በሌላው እጃቸው የማያውቁት ሰው ራስ እንዳይጋጭ ደገፍ አደረጉት። ትራፊኩ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ "ስንት ነው?" አለ። ጋሼ "በልኩ ነው!" አለ። አለፍን።

ሁሉም ቀና ሲል እኒያ እናት ጠሩኝ።

"ልጄ።"

"አቤት እማማ።"

"እጥፍ ያስከፈልከኝ ለምን ነበር?"

"ከጎንዎ ሰው እንዳይቀመጥ ነው።"

"እሺ። እኒህስ ስንት ከፈሉ?"

"እጥፍ።"

"የኔ ጎን እሳቸው ናቸው። የሳቸውም ጎን እኔው ነኝ። ታዲያ የከፈልንበት ባዶ ወንበር የታል?"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከኋላ ያሉት ግን ሰምተዋል፤ መኪናው ውስጥ ወሬ ቆመ። የጉና ብርድ ለጥንቃቄ በተከፈተው መስኮት ይገባል፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ሁልጊዜ የምለው አንድ መልስ ነበረኝ፤ እሱኑ አልኩ።

"እማማ፣ መሽቷል፤ ሰው መንገድ ላይ ከሚያድር ብለን ነው።"

"ይጫን እንጂ! ማን አይጫን አለ? እኔም መኪና አጥቼ ከነልጄ ውጭ አድሬ አውቃለሁ። ለትራፊኩ ዝም ያልኩትም ለዚሁ ነው። ካዘንክ ግን በአንዱ ጫን።"

በአንዱ ጫን። ሁለት ዓመት ረዳት ስሆን ስለ ትርፍ ያልሰማሁት ስድብ፣ ያልሰማሁት ምክር አልነበረም። ይህን ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም። ያን መልሴን በየመንገዱ ስናገረው ከልቤ ነበር፤ ሰው ጥሎ መሄድ እውነት ያመኛል። እሳቸው ግን ማዘኔን ከተቀበልኩት ብር ለይተው አሳዩኝ። ያን ቀን ትርፍ የጫንናቸው 21 ሰዎች በአንድ ታሪፍ ቢሄዱ፣ ለ12ቱም ጭማሪው ቢመለስ፣ ገቢው ሞልቶ ለእኔና ለጋሼም በቂ ይቀር ነበር። ሒሳቡ 33 ነጠላ ታሪፍ ነው፤ ገቢው የተቆረጠው ደግሞ በ24 ነው። ይህን ያሰላሁት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው።

ክምር ድንጋይ ከተማ ስንደርስ እማማ "ወራጅ አለ" አሉ። ቅርጫታቸውን ተቀብዬ አወረድኩና የታሪፋቸውን ግማሽ ዘረጋሁላቸው። ብሩን አዩት፤ ከዚያ በእኔ ትከሻ በኩል ወደ መኪናው ውስጥ አዩ።

"ለሁሉም ትመልሳለህ?"

ወደ ጋሼ ዞርኩ። ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ሞተሩን ያስነሳል።

"አልችልም፣ እማማ።"

"እንግዲያው ያዘው" ብለው ቅርጫታቸውን አንስተው ሄዱ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። በሩን ዘጋሁና ዱካ ላይ ልጇን አዝላ የተቀመጠችውን ሴት ተነሥተሽ የእማማ ወንበር ላይ ተቀመጪ አልኳት። ልጇን አውርዳ አቀፈችውና "ይጨመራል እንዴ ሒሳቡ?" አለችኝ። የእማማ ብር ገና እጄ ላይ ነበር። ለሷ ሰጠኋት።