የጳጉሜን ሩፋኤል በፑኔ

ከዳንኩ እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ስለቴን ላድርስ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ነው። የተከራየሁት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ቤት ነበር። ካኩ ነው የምላቸው፤ በማራቲ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። ነሐሴ 29 ቀን 2016 ትኩሳት ጣለኝ። አጥንቴ እንክት የሚል መሰለኝ። ሐኪም ቤት ስሄድ በትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ ነው ተባልኩና ተኛሁ። ጳጉሜን 2 ፕላትሌቴ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ ማለት ነው፣ 18 ሺህ ገባ። ጤነኛ ሰው ቢያንስ 150 ሺህ አለው። ድዴ ይደማ ጀመር።

በዚያው ዕለት የጋኔሽ በዓል ገባ። የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው ነው። እንቅፋት አስወጋጅ ይሉታል፤ ሠርግም ሆነ ንግድ ሲጀመር ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ፑኔ ውስጥ አሥር ቀን ይከበራል። የነጻነት ታጋዩ ቲላክ በፈረንጆቹ 1893 ከየቤቱ አውጥተው የአደባባይ በዓል ካደረጉት ወዲህ ከተማዋ በከበሮ ትናወጣለች። ድምፁ እኔ የተኛሁበት ክፍል ድረስ ይመጣ ነበር።

ካኩ ቤታቸው ከሸክላ አፈር የተሠራውን የጋኔሽ ምስል አስቀምጠው፣ 21 ሞዳክ አቅርበው ሲያበቁ ወደ እኔ መጡ። ሞዳክ ውስጡ ኮኮናትና የሸንኮራ ስኳር ያለበት፣ በእንፋሎት የሚበስል የሩዝ ሊጥ ነው። ለምስል የቀረበ እንደማልበላ ያውቃሉ። ለእኔ በሌላ ድስት የሩዝ አጥሚት ሠርተው ይዘው ነበር የመጡት። በማንኪያ እያጎረሱኝ ከስልካቸው ላይ ሥዕሉን አሳዩኝ። ጆሮው የሰፋው ብዙ እንዲሰማ ነው። እግሩ ሥር ያለችው አይጥ ሁሉን የምትቦረቡር ምኞት ናት፤ ገርቶ ይቀመጥባታል። አንዱ ጥርሱ የተሰበረው ደግሞ ማሃባራታ የሚባለውን ጥንታዊ ረጅም ግጥም ሲጽፍ ብዕሩ ቢሰበርበት፣ ጽሕፈቱ እንዳይቋረጥ የገዛ ጥርሱን ሰብሮ ስለጻፈበት ነው። «አንቺም ትምህርትሽን ትጨርሻለሽ» አሉኝ።

ማታ እናቴ ደወለች። «ነገ ሩፋኤል ነው፤ ሰማይ ይከፈታል። ልጄ፣ ጩኺ!»

ልጅ ሆነን በጳጉሜን 3 ዝናብ ራቁታችንን እንታጠብ ነበር፤ ጸበል ነውና። ፑኔም ያን ሌሊት ዘነበ። ግሉኮስ ያልተሰካበትን እጄን በመስኮት አወጣሁ። እስኪርስ ጠበቅኩና ፊቴን አበስኩበት። «ሩፋኤል፣ ለእናቴ መልሰኝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ፕላትሌቴ 23 ሺህ ሆነ። የድዴ ደም ቆመ። ለእንቁጣጣሽ 64 ሺህ ደረሰ። ሐኪሙ በሽታው እዚህ ደረጃ ሲደርስ ፕላትሌት መልሶ መጨመሩ የተለመደ ነው አለኝ። ይሁን። ያን ሌሊት ማን እንደያዘኝ ግን እኔ አውቃለሁ። አጥሚቱን ይዘው የመጡትንም ሴትዮ የላከልኝ እሱ ነው እላለሁ።

መስከረም 7 ጋኔሽ፣ በሌላ ስሙ ጋንፓቲ፣ የሚሸኝበት ቀን ነበር። መንገዱ ሁሉ «ጋንፓቲ ባፓ ሞርያ! በሚመጣው ዓመት ቶሎ ና!» ይላል። ካኩ ምስሉን ግቢ ውስጥ ባልዲ ውኃ ውስጥ ከተቱት። እኔ ግድግዳ ተደግፌ በር ላይ ቆሜያለሁ። ለምስሉ አልሰገድኩም፤ እሳቸውም አንድ ቀን ስገጂ ብለውኝ አያውቁም። ሸክላው ቀስ እያለ ሟሟ፣ ውኃው ደፈረሰ። ነገ አትክልት አጠጣበታለሁ አሉኝ።

ከዚያ እጃቸውን በሳሪያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ «ያን ሌሊት የጠራሽው ስሙ ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ነገርኳቸው። እንዳይጠፋባቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት።